ስምና ሥራ

ሰው ሲወለድ አባቱን አይመርጥም፤ የሚወለድበትን አገር፣ የሚጠራበትን ስም፣ የገጹንም መልክ አይመርጥም። ለመምረጥ ሥልጣን የተሰጠው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በሥራው ነው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለልጆቻችንም እንናገረዋለን። ነገር ግን ሰውን ለመመዘን በተቀመጥን ጊዜ ሥራውን ትተን ዘሩን እንጠይቃለን። እኔም ከዚህ ጥፋት ንጹሕ አይደለሁም። ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ዛሬ የምነግርህ የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ታሪክ ላንተ ትምህርት ሲሆን ለእኔ ግን ንስሐ ነው።

የምኖረው በሰበታ ነው። ባለፈው የበጋ ወራት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ በኳስ ሜዳው ዳር ሳልፍ ልጆች ሲከራከሩ ሰማሁ። በማግሥቱ ከቡራዩ ልጆች ጋር ግጥሚያ ነበራቸውና አምበል ሊመርጡ ተሰብስበዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ተጫዋች ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቁታል። እሱ ግን ከሩቅ ስፍራ የመጣ፣ እናቱ ሸክላ እየሠራች በገበያ ሸጣ የምታሳድገው ልጅ ነበረ። «ይጫወትልን እንጂ አምበል አይሁንብን» ይላሉ። ልጁ ራቅ ብሎ ቆሞ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፤ መልሶም ያስራል። ከመካከላቸው አንዱ አየኝና «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ።

ልፈርድ አፌን ስከፍት፣ በወጣትነቴ በሱሉልታ ያደረግሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቃል አጣሁ። እሱን በኋላ እነግርሃለሁ። ልጆቹን ግን ከዛፉ ጥላ ሥር አስቀመጥኋቸውና የሉቺያኖ ቫሳሎን ታሪክ ነገርኋቸው። ላንተም እንደዚያው እተርክልሃለሁ፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሉቺያኖ ቫሳሎ በነሐሴ ወር 1927 ዓ.ም. በአስመራ ተወለደ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣልያናዊ ወታደር ነበሩ። ሕፃኑ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። ፋሺስቶች ምድሩን ከያዙ በኋላ ደምንም በሕግ ሊያጥሩት ተነሡ። በ1929 ዓ.ም. ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር የተገኘ ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገጉ። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ጣልያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ከለከሉ። ይህን ልብ በል፤ ምንም ያላጠፋ ሕፃን ገና ፊደል ሳይቆጥር በሕግ ተካደ።

ሕጉ ከጦርነቱ በኋላ ተሻረ። ነገር ግን ሕግ ቢሻር የሰው ምላስ ቶሎ አይሻርም። እንደ ሉቺያኖ ያሉትን ልጆች ነጮቹ ጥቁር ናችሁ ብለው ያርቋቸው ነበር፤ የአገራቸውም ሰው ክልስ እያለ፣ የጠላት ዘር እያለ ይጠራቸው ነበር። በሁለት ቤት መካከል የቆመ ሰው ዝናብ ሲመጣ ከሁለቱም ጣሪያ ውጭ ይሆናል።

ሉቺያኖ በእናቱ እጅ በድህነት አደገ። ገና በወጣትነቱ በምድር ባቡር መካኒክ ሆኖ ሠራ፤ ከሥራ በኋላ ኳስ ይጫወታል። በመጀመሪያ የተጫወተው የአስመራ ክልስ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ስቴላ አስማሪና በሚባል ቡድን ነው። ቀጥሎ ለገጀረት ቡድን ተጫወተ። ከዚያም ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተሰለፈ፤ ያም ቡድን በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ አሸነፈ።

በዚያው ዘመን ዌልስ ከምትባለው የብሪታንያ ክፍል የተወለደ ጆን ቻርልስ የሚባል ታላቅ ተጫዋች ነበረ። በ1949 ዓ.ም. ሊድስ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ዩቬንቱስ ለተባለው የጣልያን ቡድን በ65,000 ፓውንድ ሸጠው፤ ይህም ለብሪታንያ ተጫዋች እስከዚያ ቀን ያልተከፈለ ዋጋ ነበረ። እዚያም ሦስት ጊዜ የጣልያንን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ ጣልያኖችም ስለ ጉልበቱና ስለ ጨዋነቱ እጅግ አከበሩት። እንግዲህ ተመልከት። ቻርልስ የጣልያን ደም አልነበረውም፤ ሥራውን አይተው እንደ ልጃቸው ተቀበሉት። የእኛው ሉቺያኖ ግን የጣልያን ደምና ስም ይዞ፣ ቀን በመፍቻ ማታ በኳስ እየደከመ፣ የኢትዮጵያን ማልያ ለበሰ። በኢትዮጵያ በዚያ ጊዜ በኳስ ብቻ የሚኖር ሰው አልነበረምና የእንጀራው ምንጭ እጁ እንጂ እግሩ አልነበረም።

አሁን ወደ 1954 ዓ.ም. እንምጣ። የአፍሪካ ዋንጫ ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲዮም ሆነ። ቡድናችንን የሚመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ እሳቸውም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ስመ ጥር ተጫዋች የነበሩ፣ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ለዚያ ቡድን አምበል የሆነው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል።

ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው የጠበቀቻት ያን ጊዜ የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናት። ግብፆች ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች ወስደዋል፤ በሁለቱም ውድድሮች፣ በካርቱምም በካይሮም፣ እኛን 4 ለ 0 አሸንፈውናል። ስለዚህ የሚፈራ ቢኖር አይፈረድበትም።

ዕለቱ ጥር 13 ቀን፣ እሑድ፣ የጥምቀት በዓል ካለፈ በሁለተኛው ቀን ነበረ። በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባዳዊ አገባ። ከዚያ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ኢትዮጵያ ስትመራ ቆየች፤ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አገባና አቻ ሆኑ። ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባዳዊ ደግሞ አገባ። ይህ ጊዜ የብዙ ሰው ጉልበት የሚሰበርበት ጊዜ ነው። ሲወድቁ መነሣት ይቻላል፤ ተነሥተው ወዲያው ሲወድቁ ግን ዳግመኛ መነሣት ከባድ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በ84ኛው ደቂቃ፣ አምበሉ ሉቺያኖ አገባ። ሁለት ለሁለት ሆነ። በተጨመረው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ፣ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አገቡና ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች።

ያን ቀን ከተሰለፉት መካከል ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ አዋድ መሐመድ፣ ጌታቸው ወልዴ ይገኙባቸዋል። ስማቸውን ብትሰማ ከልዩ ልዩ ስፍራ፣ ከልዩ ልዩ ሃይማኖት እንደ መጡ ታውቃለህ። ኳሷ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሄድ የማንንም ስም አልጠየቀችም።

ከሁሉ የሚደንቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። አምበሉ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ወጥቶ ዋንጫውን ከእጃቸው ተቀበለ። እኒያ ንጉሥ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በጣልያን ጦር ምክንያት ተሰደው ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን 21 ዓመት እንኳ አልሞላም። በስታዲዮሙ ውስጥ አባቱ በማይጨው የወደቀበት፣ ወንድሙ በየካቲት 12 የተገደለበት ሰው ብዙ ነበረ። ሆኖም የኢትዮጵያን የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ የተቀበለው የጣልያን ስም ያለው፣ የጣልያን ወታደር ልጅ ነበረ፤ ሕዝቡም አብሮት እልል አለ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ስምን ትቶ ሥራን አየ።

ነገር ግን ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ በድል ቀን ፍርድን ማቅናት ቀላል ነው። ሰው ሲያሸንፍልን «የእኛ ነው» እንላለን፤ ሲሸነፍ «እሱማ የነእንትና ዘር ነው» እንላለን። የልባችን ሚዛን የሚታወቀው በዋንጫው ቀን አይደለም፤ ከዋንጫው በፊትና ከዋንጫው በኋላ ነው።

ከዋንጫው በኋላስ ምን ሆነ? በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ እንደ ገና በአገራችን ተደረገ፤ ሉቺያኖም ገና ይጫወት ነበረ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው በተጨመረ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፈች። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው ወደ አገራችን አልተመለሰም። አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ ብዙ ሰው እንደ ተሰደደ ሉቺያኖም ተሰደደ፤ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ጣልያን ገባ። አባቱን በሕግ ያስካደው አገር መጠጊያ ሆነው፤ ዋንጫ ያመጣለት አገር ግን ራቀው። እዚያም ዋንጫ ያነሣችው እጅ ወደ መፍቻዋ ተመለሰች፤ መኪና እያደሰ ኖረ። በእርጅናው የሕይወቱን ታሪክ በጣልያንኛ ጻፈ፤ የመጽሐፉም ስም «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» እንደ ማለት ነው። ዋንጫ የተቀበለ ሰው ለመጽሐፉ ስም ሲፈልግ ንጉሡን አላነሣም፣ ዋንጫውንም አላነሣም፤ ለድሃ እናቱ የሚሰጣትን ገንዘብ አነሣ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በሮም ከተማ፣ በ87 ዓመቱ ዐረፈ።

በሰበታ ያሉት ልጆች ታሪኩን ሰምተው ዝም አሉ። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም፤ የሱሉልታውን ነገር ደግሞ ነገርኋቸው።

ወጣት ሳለሁ በሱሉልታ አስተምር ነበር። ለአንድ ግጥሚያ የተጫዋቾቹን ስም እንድጽፍ ታዘዝሁ፤ የአምበልነቱንም ስፍራ ለሚገባው ልጅ ሰጠሁት። እሱም የቀጥቃጭ ልጅ ነበረ። ማታውን ሁለት ሦስት ሰዎች መጥተው «ልጆቻችን በቀጥቃጭ ልጅ አይታዘዙም» አሉኝ። ስሕተት መሆኑን አውቄው ነበር። ሆኖም ከሰዎቹ ጋር መጣላት ፈራሁና ስሙን ሰርዤ ሌላ ጻፍሁ። ጧት ልጁ ወረቀቱን አነበበ። አልተቆጣም፤ አላለቀሰም፤ ብቻ ቀና ብሎ አየኝና ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሜዳው አልመጣም። ስንት ዓመት ሙሉ ያን አስተያየት ተሸክሜ ኖሬአለሁ። እኔ ልጁን በቃሌ አልሰደብሁትም፤ ነገር ግን ስድቡን በጽሑፍ ያጸደቀው የእኔ እጅ ነው። ሰዎቹ የተናገሩትን ረስተውት ይሆናል፤ የጻፈች እጅ ግን አትረሳም።

ይህን በተናገርሁ ጊዜ ፍረዱን ያለኝ ልጅ ተነሣና የአምበሉን ጨርቅ ከኪሱ አውጥቶ ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሰጠው። አንዱም አልተቃወመም።

በማግሥቱ እኔም አብሬአቸው ወደ ቡራዩ ሄድሁ። ልነግርህ የምፈልገው ድል አይደለም፤ ልጆቹ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ጆሮዬን ጥዬ አዳመጥሁ። ስለ ዳኛው አጉረመረሙ፤ ስለ ሜዳው ድንጋይ አጉረመረሙ፤ ግቡን ስለ ሳተው ልጅ ሳቁ። «አምበሉ የእንትና ልጅ ስለሆነ ነው» ያለ ግን አንድም አልነበረም። ያን ጊዜ ልቤ ዐረፈ። በሽንፈት ቀን አምበላቸውን ያልካዱ ልጆች የሉቺያኖን ታሪክ በእውነት ሰምተውታል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ አንድ ቀን አንተም የሰው ስም የሚጻፍበት ወረቀት በእጅህ ይገባል፤ በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት፣ ወይም በሸንጎ ሊሆን ይችላል። ማታም ሰዎች መጥተው የአንዱን ስም ፋቅ ይሉሃል። ያን ጊዜ በ84ኛው ደቂቃ ያገባውን አስብ፤ አባቱን ሳይሆን ሥራውን መዝን። ስሙንም አትፋቅ። እኔ አንድ ስም ፋቅሁ፤ ዛሬ ሽበት ከወረሰኝ በኋላ እንኳ ያን ስም መልሼ የምጽፍበት ወረቀት አላገኘሁም። ያ ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ይህ ጽሑፍ በእጁ ቢገባ፣ አምበሉ እሱ እንደ ነበረ ይወቅልኝ።