ሻምበል ፊሽ፦ ጦርነትን አይቶ የጠላው ሰው

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ አሜሪካ ሂትለር አውሮፓን ሲያነድ እስከ 1941 ለምን ቆማ አየች?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ብዙ ነው። እኔ ግን በአንድ ሰው ሕይወት ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ሀሚልተን ፊሽ ይባላል። አዎ፣ ዓሣ ማለት ነው፣ አትሳቁ። አያቱ በፕሬዚዳንት ግራንት ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፣ አባቱ የኮንግረስ አባል። እሱም ሃርቫርድ ተምሮ በአሜሪካን ፉትቦል ስም ያወጣ ነው። እንዲህ ያለ የትልቅ ሰው ልጅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምቹ ቢሮ አያጣም ነበር። እሱ ግን ከኒውዮርክ የተመለመሉ ጥቁሮች ባሉበት ሬጅመንት ሻምበል ሆኖ ገባ። በኋላ 369ኛው የተባለው፣ «የሃርለም ሄልፋይተርስ» እያልን የምናነሳው ማለት ነው።

የገዛ አገራቸው ጦር እነዚህን ልጆች ከነጮቹ ጎን ማሰለፍ ስላልፈለገ ለፈረንሳይ ሰጣቸው። በፈረንሳይ የራስ ቁርና ጠመንጃ ተዋጉ። 191 ቀን ግንባር ላይ! ከአሜሪካ ጦር ያን ያህል የቆየ የለም ይባላል። ፈረንሳይ ሬጅመንቱን በሙሉ ሸለመችው፣ ፊሽም ሜዳሊያ አገኘ። ምሽግ ውስጥ ያየው ሞት ግን ከሜዳሊያው በላይ አብሮት የኖረ ይመስለኛል።

በ1920 ኮንግረስ ገባ። አርሊንግተን ያለውን ያልታወቀ ወታደር መቃብር ያስጀመረው ውሳኔ የሱ ሐሳብ ነው። ጥቁሮችን በመንጋ መግደልን የሚከለክል ሕግም ደግፏል። ከዚያ በ1930ዎቹ «ልጆቻችንን ለአውሮፓ ጠብ ዳግም አንልክም» ከሚሉት ዋነኛው ሆነ። የጉድ ነገር፣ የሩዝቬልት መኖሪያ ሃይድ ፓርክ ያለው በእሱ የምርጫ ወረዳ ነው። ጎረቤታሞቹ ጠላት ሆኑ። በ1940 ሩዝቬልት «ማርቲን፣ ባርተን እና ፊሽ» እያሉ ሦስቱን ተቃዋሚዎች ሲያሾፉባቸው ሕዝቡ አብሮ ይጮህ ነበር።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚቀርብ ነገር አለ። የያኔው «ከሰው ጦርነት እንራቅ» ስሜት በነሐሴ 1935 የገለልተኝነት ሕግ ሆኖ ጸደቀ። ለተፋላሚ ሁሉ መሣሪያ አይሸጥም። በጥቅምት ጣልያን ወረረን። ጣልያን መሣሪያውን ራሱ ይሠራል፣ እኛ ከየት እናምጣ? ገለልተኛ የተባለው ሕግ ለማን እንዳደላ እናንተው ፍረዱ።

የፊሽን ጦርነት መጥላት እረዳለሁ፣ አከብራለሁም። ነሐሴ 1939 ግን የሂትለርን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሪበንትሮፕን አግኝቶ፣ በሰውዬው አውሮፕላን ኦስሎ ለስብሰባ መሄዱ አይዋጥልኝም። በሁለት ሳምንት ገደማ ፖላንድ ተወረረች። ምሽጉን ያወቀ ሰው ምሽጉን ማን እያስቆፈረ እንደሆነ ማየት ነበረበት።

ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን መታች። ቀኑ 53ኛ ልደቱ ነበር! በማግስቱ ምክር ቤት ተነስቶ ጦርነት ይታወጅ አለ። ድምፁ 388 ለ1 ወጣ። ቢሆንም ያለፈው አልተረሳለትም፣ በ1944 ምርጫ ወደቀ።

ዕድሜው ግን ረዘመ። በጥር 18 ቀን 1991 በ102 ዓመቱ ሲሞት፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ባግዳድን መደብደብ ከጀመሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነበር።