ያልተጠበቀው ወርዋሪ፦ የ1929ኙ የቺካጎና የፊላዴልፊያ ግጥሚያ

በአሜሪካ ለምንኖር ተማሪዎች የቤዝቦል ጨዋታ መጀመሪያ ሲታይ አሰልቺ ነው። ዱላና ኳስ የምናውቀው ከገና ጨዋታ በመሆኑ ዓይናችንን የምንጥለው በመቺው ላይ ነው። ጨዋታውን በእጁ የያዘው ግን ወርዋሪው መሆኑን ለመገንዘብ ጊዜ ይወስድብናል። ኳሱ በምን ፍጥነትና በየት በኩል እንደሚመጣ የሚወስነው እርሱ ሲሆን የመቺው ድርሻ መልስ መስጠት ብቻ ነው። ስለዚህም በየዓመቱ የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች ለወርልድ ሲሪስ ሲገናኙ፣ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «የባላጋራችንን ጨዋታ የሚከፍተው ወርዋሪ ማን ነው? ምንስ ይወረውራል?» የሚል ነው። ጥያቄው እንዴት እንደሚመለስና እንዴት እንደሚሳት ከሚያሳዩት ታሪኮች ሁሉ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 የተፈጸመውን የሚያህል አላገኘንም።

በዚያ ዓመት የተገናኙት የፊላዴልፊያ አትሌቲክስና የቺካጎ ከብስ ነበሩ። ፊላዴልፊያ 104፣ ቺካጎ ደግሞ 98 ጨዋታ አሸንፈዋል። ቺካጎን የሚያስፈራው የመቺዎቹ ክንድ ነበር፤ ሮጀርስ ሆርንስቢና ሃክ ዊልሰን እያንዳንዳቸው 39 ሆም ራን መትተዋል፤ ካይካይ ካይለርና ሪግስ ስቲቨንሰንም ከእነርሱ የሚያንሱ አልነበሩም። አራቱም በቀኝ እጅ የሚመቱ ነበሩ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን።

በፊላዴልፊያ በኩል በመዝገብ ላይ ጎልተው የሚታዩት ሁለት ወርዋሪዎች ነበሩ። ጆርጅ ኧርንሾ 24፣ ግራኙ ሌፍቲ ግሮቭ ደግሞ 20 ጨዋታ አሸንፈዋል። ሁለቱም ፈጣን ወርዋሪዎች ናቸው። አገር ምድሩ ጨዋታውን የሚከፍተው ከእነዚህ አንዱ ነው ብሎ ጠበቀ። ግምቱ ሞኝነት ነበር ለማለት አንደፍርም፤ በእጃችን ያለው የቁጥር መዝገብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ከዚህ የተለየ አንልም ነበር።

የአትሌቲክሱ አሠልጣኝ ኮኒ ማክ የ66 ዓመት ሽማግሌ ነበር። እንደ ሌሎች አሠልጣኞች የተጫዋች ልብስ አይለብስም፤ ሙሉ ልብስና ክራቫት አድርጎ ከተጫዋቾቹ መካከል ይቀመጣል። ማክ ጥያቄውን ገለበጠው። «ከወርዋሪዎቼ የሚበልጠው ማን ነው?» ብሎ አልጠየቀም፤ የጠየቀው «እነዚህን መቺዎች ማየት የሚቸግራቸው የማንን ኳስ ነው?» ብሎ ነበር። ቀኝ እጅ መቺ የግራኝን ኳስ ከእጁ ሲወጣ አጥርቶ ያያል። ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ የሚወረውር ቀኝ እጅ ግን ኳሱ ከመቺው ጀርባ የሚመጣ ያህል ያስመስለዋል። ፍጥነትን የለመደ መቺ ደግሞ ዝግ ያለ ኳስ ሲመጣበት ዱላው ቀድሞት ያልፋል።

እንዲህ ያለ ሰው በቡድኑ ውስጥ ነበር። ሃዋርድ ኤምኪ 35 ዓመት ሞልቶታል፤ ክንዱም ደክሟል። በዚያ ዓመት ያሸነፈው ሰባት ጨዋታ ብቻ ነበር። ማክ በኋላ እንደተረከው፣ ሊያሰናብተው ጠርቶት ሳለ ኤምኪ በክንዱ አንድ ጥሩ ጨዋታ እንደቀረው ነገረው። ማክም ስንብቱን ትቶ፣ ቡድኑ ለመጨረሻው የምዕራብ ጉዞ ሲሄድ ኤምኪ እንዲቀርና ቺካጎዎች በምሥራቅ ከተሞች ሲጫወቱ ተቀምጦ እንዲያጠናቸው አደረገ። ቺካጎ ግሮቭን ከመዝገብ እያነበበ ሳለ ኤምኪ ቺካጎን በዓይኑ ያነብ ነበር ማለት ነው።

ስለ መዝገብ ካነሣን አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አይቻለንም። የዚያን ጊዜው መዝገብ ደካማውን ኤምኪን አሳንሶ ቢያሳይም ስሙን አልነፈገውም። በዚያው በ1929 ለበርሚንግሃም ብላክ ባረንስ ይወረውር የነበረው ሳቸል ፔጅ ግን ጥቁር በመሆኑ ብቻ በሁለቱ ሊጎች በር አያልፍም ነበር። በሩ የተከፈተው በ1947 በጃኪ ሮቢንሰን ሲሆን፣ ፔጅ በ42 ዓመቱ በ1948 ገባ። የጥቁሮቹ ሊጎች ቁጥር ከዋናው መዝገብ ጋር የተቀላቀለው ደግሞ በ2024 ነው። ስለዚህ «የዘመኑ ታላቅ ወርዋሪ» የሚል ጽሑፍ ባነበብን ቁጥር፣ ተመዛኙ ከእነማን ጋር እንደተመዘነ መጠየቅ ይገባናል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ማክ ምሥጢሩን እስከ መጨረሻው ሰዓት ደብቆ ያዘ። ኦክቶበር 8 ቀን በቺካጎው ሪግሊ ፊልድ ከ50,000 በላይ ተመልካች ተሰብስቦ ሳለ ኤምኪ ክንዱን ሊያሟሙቅ ተነሣ። የራሱ ጓዶች እንኳ ዓይናቸውን አላመኑም፤ አል ሲመንስ ከመደነቁ የተነሣ ማክን እንደጠየቀው ይነገራል። ኤምኪ ክንዱን ወደ ጎን እየዘረጋ፣ ሳይቸኩል፣ አንዱን ኳስ ካንዱ እያለያየ ወረወረ። ከበስተኋላው የተቀመጠው ሕዝብ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ስለነበር ኳሱ ከዚያ ነጭ ውስጥ ድንገት ብቅ ይል እንደነበረም የዘመኑ ሰዎች ይተርካሉ። ስምንት ጊዜ መቱት፤ ምታቸው ግን በሚያስፈልጋቸው ሰዓት አልሆነም። ሆርንስቢና ዊልሰንን ጨምሮ አሥራ ሦስት ጊዜ መቺ በሦስት ስህተት እየወጣ ተመለሰ። በወርልድ ሲሪስ የነበረው ክብረ ወሰን ኤድ ዋልሽ በ1906 በዚሁ በቺካጎ ከብስ ላይ ያስመዘገበው 12 ነበር። ጂሚ ፎክስ በሰባተኛው ዙር ሆም ራን መታ፤ ጨዋታውም 3 ለ 1 በፊላዴልፊያ አሸናፊነት አለቀ። የኤምኪን ወሰን ካርል ኧርስኪን በ14 የሰበረው ከ24 ዓመት በኋላ በ1953 ነው።

ከዚህ ላይ ታሪኩን የሚያወሳስብ አንድ ወሬ አለ። የቺካጎው አሠልጣኝ ጆ ማካርቲ ከግጥሚያው በፊት ለጸሐፊው ሪንግ ላርድነር፣ ፈጣኖቹን እንደማይፈራና የሚሰጋው ከዚያ ዝግተኛ ኤምኪ መሆኑን ነግሮት ነበር ይባላል። ወሬው እውነት ከሆነ ቺካጎን የጣለው አለማወቅ አልነበረም ማለት ነው። አሠልጣኙ ቢያውቅም የመቺዎቹ ክንድ አላወቀም፤ ወር ሙሉ ለፈጣን ኳስ የተዘጋጀን እጅ ደግሞ በአንድ ቀን ምክር መመለስ አይቻልም። እኛ የምናዘነብለው ወደዚህ አስተያየት ነው።

ለዚህ ምስክሩ አምስተኛው ጨዋታ ነው። ማክ በመላው ግጥሚያ አንድም ግራኝ ከፋች አላሰለፈም፤ ግሮቭን ያስገባው በመሐል እየተካ ብቻ ነበር። ኦክቶበር 14 ቀን በፊላዴልፊያ ኤምኪን ዳግመኛ አቆመው። ያው ሰው፣ ያው ክንድ፣ ያው ዝግታ ነበር፤ ቺካጎዎች ግን አሁን አይተውታል። በአራተኛው ዙር ሁለት ነጥብ አግብተውበት ከሜዳ ወጣ። ፊላዴልፊያ በዘጠነኛው ዙር ሦስት ነጥብ አግብቶ 3 ለ 2 ባያሸንፍ ኖሮ፣ የማክ ብልሃት ዛሬ የሚተረክልን በሌላ ድምፅ ይሆን ነበር። ግጥሚያው በዚያው ቀን 4 ለ 1 ተደመደመ።

ኤምኪ ከዚያ ወዲያ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም፤ በ1930 ጥቂት ወርውሮ ጨዋታውን ተወ። ኑሮውን የመሠረተው በሸራ ሥራ ሲሆን፣ ድርጅቱ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ዝናብ ሲመጣ የቤዝቦል ሜዳ የሚሸፈንበት ሸራ ነበር።