በረቂቅ ቀዳዳ የታሰረ ሂሊየም፦ የአንድ ግኝት እርማት ታሪክ



እንደ እኔ ማክሰኝት ያደገ ሰው የእንስራን ጠባይ ያውቃል። ውኃው በሸክላው ረቂቅ ቀዳዳዎች ሰርጎ ይወጣል፤ ሲተንም ሙቀት ይዞ ይሄዳልና በውስጡ የቀረው ይቀዘቅዛል። የዛሬው ንግግሬም ስለ ቀዳዳ ነው፤ ሆኖም ከእንስራው እጅግ ስለሚጠብና ስለሚቀዘቅዝ።

ሂሊየም እ.ኤ.አ. በ1908 በላይደን ከተማ በካመርሊንግ ኦነስ እጅ ፈሳሽ ሆነ። ጠጣር የሆነው ግን በ1926፣ ኬሶም ከፍተኛ ግፊት ሲጭንበት ነው፤ ከከባቢ አየር ግፊት 25 እጥፍ ያህል ካልተጫነው የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ አይረጋምና። 7 ናኖሜትር ያህል ስፋት ባላቸው የቫይኮር መስተዋት ቀዳዳዎች ሲታሰር ደግሞ 40 እጥፍ ገደማ ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ጠባብ ስፍራ ከአቶሞቹ ብዙዎቹ ከግድግዳው አጠገብ ስለሚውሉ፣ ሥርዓት ይዘው መደርደር ይቸግራቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ኪምና ሞሰስ ቻን ሂሊየም የረጋበትን ይህንኑ መስተዋት በቀጭን ዘንግ ላይ አድርገው ግራና ቀኝ አወዛወዙት። ሙቀቱ ከ0.2 ኬልቪን በታች ሲወርድ ውዝዋዜው ፈጠነ። ከጠጣሩ ከፊሉ መስተዋቱን ሳይከተል ያለ ሰበቃ ይፈስሳል የሚል ትርጓሜም ተሰጠው። አንድሬቭና ሊፍሺትስ በ1969 በንድፈ ሐሳብ የተነበዩት ይህንኑ ስለ ነበር፣ የሚጠበቀው እንግዳ የመጣ መሰለ። እኔም ለተማሪዎቼ እንደ ተረጋገጠ እውነት አስተማርሁት።

በ2007 ዴይና ቤሚሽ ጠጣር ሂሊየም በዚያው የሙቀት መጠን እንደሚደድር አሳዩ። የመሣሪያው አካል ሲደድር ውዝዋዜው ይፈጥናል፤ ስለዚህ ምንም ሳይፈስስ ያው ምልክት ሊታይ ይችላል። ቻንና ሌላ ኪም የሚባል ተመራማሪ በ2012 ከቀዳዳዎቹ ውጭ ሂሊየም የሚጠራቀምበት ክፍተት እንዳይኖር መሣሪያውን እንደ አዲስ ሠርተው ለኩ። ምልክቱ ጠፋ። ለካ ፍጥነቱ የመጣው በቀዳዳዎቹ ከታሰረው ሳይሆን በዙሪያቸው ከደደረው ሂሊየም ኖሯል። ውጤቱን ከሻሩት አንዱ ካበሰሩት አንዱ የሆነው ቻን ራሱ ነው።

እኔም በክፍሌ እርማቱን ተናገርሁ። ቀድመው የተመረቁት ግን አልሰሙኝም፤ የተሳሳተውን ማስታወሻ ይዘው ዛሬ ራሳቸው መምህራን ሆነዋል። ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት በተለይ ለእነርሱ ነው።