«ሽብር»፦ ከገበያ ወደ አዋጅ የተሰደደው ቃል

በቡታጅራ ወይም በወልቂጤ ገበያ አንድ በሬ ገመዱን በጥሶ ቢሮጥ፣ ሰዉ «ገበያው ተሸበረ» ይላል። በሬው ሲያዝ ሽብሩም ያበቃል። የጥንቱ ሽብር ይኸው ነበር፤ የብዙ ሰው ልብ በአንድ ጊዜ ሲናወጥ።

አማርኛ ለፍርሃት ደረጃ አለው። ስጋት ነገሩ ሳይደርስ ይመጣል። ድንጋጤ በቅጽበት ይመታል። ሰቀቀን ነገሩ ካለፈም በኋላ አብሮ ይኖራል። ሽብር ግን የሁሉም ነው፤ ባለቤት የለውም።

ባለቤት ያገኘው በ1969 ነው። ደርግ የኢሕአፓን ግድያዎች «ነጭ ሽብር» ብሎ ሰየመ። ሚያዝያ 9 ቀን ሌተናል ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከሰከሱ። «ቀይ ሽብር ይፋፋም» መፈክር ሆነ። መንግሥት ሕዝብን ማስፈራራቱን ሳይደብቅ፣ በገዛ ስሙ ጠርቶ ያወጀበት ጊዜ ነበር። የሚደበቀው ግድያው ነበር፤ እሱ «ነፃ እርምጃ» ተባለ። የጉራጌ ነጋዴ ልጆች ባደጉበት መርካቶም ሆነ በሌላው ቀበሌ፣ ልጁን ያጣ ወላጅ ጮኾ ማልቀስ እንኳ ያስጠይቀው ነበር።

ታኅሣሥ 1999 ፍርድ ቤቱ የደርግ ባለሥልጣናትን ጥፋተኛ ሲል ዋናው ወንጀል «ሽብር» አልተባለም፤ «ዘር ማጥፋት» ተባለ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም በዚሁ ስም ይቀጣ ነበርና።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቃሉ በአዋጅ ቁጥር 652/2001 ተመለሰ። አሁን ግን አቅጣጫው ዞሯል። በ1969 መንግሥት ራሱ ያፋፋመው ሽብር፣ በ2001 ለሌላው የሚለጠፍ ስም ሆነ። ኦነግና ግንቦት 7 በ2003 «አሸባሪ» ተባሉ፤ በ2010 ስሙ ተነሣላቸው። ሕወሓት በ2013 ተባለ፤ በ2015 ተነሣለት። በምክር ቤት ድምፅ የሚለጠፍና የሚነሣ ስም፣ የተሸበረውን ሰው ልብ ግን አይጠይቅም።

ልብን የጠየቁ ሌሎች ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በተቋቋመው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ዞሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ስለ አእምሮ ጤና መረመሩ። እዚያው ካገለገሉት መጠይቆች አንዱ፣ ሰውዬው በቀላሉ ይደነግጥ እንደሆነ ይጠይቃል። ማን አስደነገጠህ አይልም፤ መጀመሪያ ሕመሙን ይሰማል።

በየካቲት 2015 የወልቂጤ ነዋሪዎች ውሃ አጥተው ባዶ ጄሪካን ይዘው ወጡ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ሰው ሞተ። ልጇ ከሰልፉ ሳይመለስ ተኩስ የሰማች እናት የተሰማት፣ በማንኛውም አማርኛ ሽብር ነው። በአዋጁ አማርኛ ግን ስም የለውም።

ቃሉ ሊመለስ የሚገባው ወደዚያች እናት ነው። «አሸባሪው ማነው?» ብሎ የሚጀምር አገር መልሱን እንደ ዘመኑ ይቀያይራል። «የተሸበረው ማነው?» ብሎ የሚጀምር ግን መልሱን ከየቤቱ ያገኛል።