ከካዛንቺስ አዳራሽ እስከ ከምባታ መንደር፤ ስለ ገጠር ሴቶች የጤናና የመብት ትምህርት

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ ሰፈር ብዙዎቹ የቆዩ ቤቶቹ በ2024 ፈርሰዋል (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል)። እኛን ለዚህ ጥናት የሳበን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስለ አፍሪካ የገጠር ሴት ብዙ የተመከረው በዚሁ ሰፈር ነውና።

የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመርቆ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ሆነ። ኮሚሽኑም በ1975 የአፍሪካ ሴቶች የሥልጠናና የምርምር ማዕከልን አቋቋመ። በ1984 ደግሞ የሴቶችንና የሕፃናትን ጤና የሚጎዱ ልማዶችን የሚዋጋ የአፍሪካ አገሮች ኮሚቴ ዳካር ላይ ተመሠረተ፤ በወይዘሮ ብርሃነ ራስወርቅ ሰብሳቢነት ይመራ የነበረው ይህ ኮሚቴ ዋና ጽሕፈት ቤቱን አዲስ አበባ አደረገ።

እንግዲህ ጥያቄያችን፣ በአዳራሽ የተመከረው ነገር ከገጠሯ ሴት ዘንድ እንዴት ይደርሳል የሚል ነው። ሕጉ ቀስ ብሎ ተጓዘ። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ብሎ ነበር፤ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ 18 የሆነው በ2000 ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው። የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል ያደረገው ሕግ በ2004 ወጥቶ በ2005 ሥራ ላይ ዋለ። ይሁን እንጂ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ ሁሉ ፊደል ካልቆጠረች እናት ጆሮ ይደርሳል ማለት አይደለም።

ለዚህ ከምባታ መልካም ማስረጃ ይሆነናል። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በልጅነታቸው ውኃ ልቅዳ ብለው እየወጡ በስውር የተማሩ፣ በኋላም ኢየሩሳሌምና አሜሪካ ድረስ ሄደው ትምህርታቸውን የቀጠሉ የዚያው አገር ልጅ ነበሩ። በ1997 ከእኅታቸው ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለውን የሴቶች ድርጅት መሠረቱ። ሥራቸውን ግን በግርዛት አልጀመሩም። ሕዝቡን ምን ቸገራችሁ ብለው ቢጠይቁ ድልድይ አሏቸው፤ ተማሪውም ገበያተኛውም መሻገሪያ አጥቶ ነበርና። ድልድዩ ተሠራ። በእኛ አስተያየት የትምህርቱ መጀመሪያ ይህ ድልድይ ነው፤ የሕዝቡን ችግር ያልሰማ እንግዳ ስለ ገላና ስለ ልማድ ቢናገር ማን ያደምጠዋል?

ከ2002 ጀምሮ የማኅበረሰብ ውይይት ተተከለ። ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት በአንድነት ተቀምጠው ስለ መድማት፣ ስለ ምጥ መክበድ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ጠለፋም ተነጋገሩ። ባል ሚስቱ በወሊድ ጊዜ የምትሠቃይበትን ምክንያት ከግርዛቱ ጋር አያይዞ የመስማት ዕድል አገኘ፤ ከዚያ በፊት ነገሩ የሴቶች ጉዳይ ተብሎ ይታለፍ ነበር። በዚያው ዓመት ሙሽራዋ ያልተገረዘች መሆኗ በአደባባይ የተገለጸበት ሠርግ ተደረገ፤ ሚዜዎቿም ያልተገረዙ መሆናቸውን የሚናገር ጽሑፍ በደረታቸው አንጠልጥለው ታዩ። ያልተገረዘች ሴት ባል አታገኝም የሚለው ሥጋት ወላጆችን አጥብቆ የያዘ በመሆኑ፣ ይህ ሠርግ ከብዙ ስብከት ይበልጥ ነበር። ዕድሮችም ድርጊቱን የሚፈጽመውን ከማኅበር እስከ ማግለል ደረሱ። ልብ ይሏል፤ የወንጀል ሕጉ የወጣው ከዚህ ውይይት 2 ዓመት በኋላ ነው።

በ1999 ከመንደሩ ነዋሪዎች 97 በመቶው ግርዛትን ይደግፉ እንደነበር፣ በ2008 ግን ደጋፊዎቹ ከ5 በመቶ በታች መውረዳቸውን ዩኒሴፍ ዘግቧል። ለጠያቂ የሚሰጥ መልስና በጓዳ የሚደረግ ነገር ሁልጊዜ አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ ቁጥሩን በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች የተገረዙት በ2000 80 በመቶ፣ በ2005 74 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 65 በመቶ ነበሩ። ከምባታ የሄደችበትን ርቀት አገሩ ሁሉ አልሄደም። ዶክተር ቦጋለች በ2019 ዐረፉ፤ በ2016 ከተቆጠሩት ልጃገረዶች መካከል የብዙዎቹ መንደር ያን የመሰለ ውይይት ገና አላየም ነበር።