መቱ የት ናት?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በደሌንና ያዩን አልፎ፣ ጎሬ ከመድረሱ በፊት። ቀያሽ ግን በዚህ አይረካም። እሱ የሚፈልገው ቁጥር ነው፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ከ18 ደቂቃ፣ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 35 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ገደማ። ለእንዲህ ያለው ቁጥር የተከፈለውን ድካም ባሰብኩ ቁጥር ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ይታወሰኛል።

ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1838 አገራችን ገብቶ እስከ 1848 ሲመላለስ ኖረ። በ1843 ለኢሉባቦር ሰው ከዴዴሳ ማዶ ወዳለችው እናርያ፣ ከዚያም ወደ ከፋ ዘለቀ። ኬክሮስን ከኮከብ ከፍታ ማግኘት ይቻላል። ኬንትሮስ ግን ሰዓት ይጠይቃል፤ ሰዓቱ በ4 ሴኮንድ ብቻ ቢዛባ ልኬቱ በእኛ ኬክሮስ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል። በበቅሎ ጀርባ ለወራት የተንገላታን ሰዓት ማን ያምናል? ዳባዲ አንዱን ተራራ ከብዙ ጉብታ እያነጣጠረ አቅጣጫውን መዘገበ፤ አንዱ ልኬት ቢዋሽ ሌላው ያጋልጠዋል። ውጤቱ ከ1860 እስከ 1873 በመጽሐፍ ታተመ። የሚገርመው፣ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ግቤን የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ መከራከሩ ነው። ግቤ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ይገባል። ተራራውን አግኝቶ ውሃውን ሳተ!

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 በኋላ፣ በዓባይ ተፋሰስ ጥናት ዘመን አሜሪካውያን ቀያሾች መጡ። የልኬታቸው መነሻ በግብጽና በሱዳን ድንበር አጠገብ ያለው አዲንዳን ነበር። የኢትዮጵያ ካርታዎች፣ የመቱና የጎሬም ጭምር፣ ለረጅም ጊዜ ይህንኑ መነሻ ይዘው ታትመዋል። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ የሳተላይት ዘመን መጣ። የአሜሪካው ጂፒኤስ ለሲቪሉ የሚሰጠው ልኬት ሆን ተብሎ እስከ 100 ሜትር ይዛባ ነበር፤ ይህ የቀረው በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የሩስያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሌዮና የቻይናው ቤይዱ ሲጨመሩ ሰማዩ ላይ ከ100 በላይ ሳተላይቶች አሉ። ቦታን ለማወቅ ቢያንስ አራት በአንድ ጊዜ መታየት አለባቸው። በሜዳ ላይ ይህ ችግር አይደለም። በያዩ የቡና ጫካ ውስጥ ግን ቅጠሉ ምልክቱን ያዳክመዋል፤ በገደሉ ሥር የሰማዩ ግማሽ ይሸፈናል። ከአንድ አገር ሳተላይት ሦስት ብቻ ቢታዩ ሥራው ይቆማል፤ ከአራቱ ሥርዓቶች አሥር ከታዩ ይቀጥላል። በዚያ ላይ የምድር የማግኔት ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል፤ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ የላይኛው አየር ምልክቱን ያውከዋል። በሁለት ሞገድ የሚቀበል መሣሪያ የዚህን ስሕተት አብዛኛውን ያርማል።

ብዛት ብቻውን ግን አይበቃም። እያንዳንዱ ሥርዓት የራሱ ሰዓት አለው። የእኛና የፈረንጁ ሰዓት እንደሚለያይ ሁሉ፣ ልዩነቱ ከታወቀ ማስላት ይቻላል፤ ካልታወቀ ለስሌቱ አንድ ተጨማሪ ሳተላይት ያስፈልጋል።

ከሰዓቱም የሚብሰው መነሻው ነው። ሳተላይቶቹ የሚሰጡት ቦታ መነሻው የምድር እምብርት ነው፤ የቆየው ካርታ መነሻው አዲንዳን። አንድን ነጥብ በሁለቱም ጽፎ ቢያስተያዩት በመካከላቸው ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት ይገኛል። ሁለት መቶ ሜትር ለመንገደኛ ምንም አይደለም። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ለሚጠብቅ የኢሉባቦር ቡና ገበሬ ግን የእሱን ማሳ ከጎረቤቱ ጫካ ውስጥ የሚከት ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን መሣሪያ ይዞ ለሚመጣ ባለሙያ ስንት ሳተላይት እንዳየ ከመጠየቄ በፊት፣ ቁጥሩን በየትኛው መነሻ እንደጻፈ እጠይቀዋለሁ። መልሱም በይዞታው ወረቀት ላይ፣ ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፍልኝ እላለሁ።