የሉዊቪሉ ወርዋሪና የተሸጡት ጨዋታዎች

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1877 አጋማሽ ሉዊቪል ግሬይስ የተባለው የኬንታኪ ቤዝቦል ክለብ የአሜሪካን ብሔራዊ ሊግ ይመራ ነበር። ደጋፊው ዋንጫውን እጁ የገባ ያህል ቆጥሮ ቡድኑን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቦስተንና ወደ ብሩክሊን ሸኘ። በዚያ ጉዞ ግን ሽንፈት በሽንፈት ላይ ተደራረበ። በእጃቸው ቅልጥፍና የሚታወቁ ሰዎች ቀላል ኳስ ያመልጣቸው ጀመር፤ የመቺዎቹም ዱላ አየር ብቻ ይቀዝፍ ነበር። የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ ቦስተን በ42 ድል ሻምፒዮን ሆነ፤ ሉዊቪል በ35 ድልና በ25 ሽንፈት ሁለተኛ ወጣ።

ለገንዘብ ሲሉ ጨዋታ መልቀቅ በዚያ ዘመን አዲስ ነገር አልነበረም። በ1865 የኒውዮርኩ ሚውቹዋልስ ክለብ ሦስት ተጫዋቾች ገንዘብ ተቀብለው በመሸነፋቸው ታግደው ነበር፤ ይሁንና ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሦስቱም ወደ ሜዳ ተመልሰዋል። ከ1871 እስከ 1875 የቆየውን የመጀመሪያውን የባለሙያ ተጫዋቾች ማኅበርም የቁማር ወሬ አልተለየውም። የቺካጎው ነጋዴ ዊሊያም ኸልበርት በ1876 ብሔራዊ ሊግን ሲያቋቁም ለሕዝቡ የሰጠው ተስፋ ንጹሕ ጨዋታ ነበር።

ከሉዊቪሉ ክለብ ኃላፊዎች አንዱ የነበሩት ቻርልስ ቼዝ ላኪያቸው ያልታወቀ የማስጠንቀቂያ ቴሌግራሞች ይደርሷቸው ነበር። የጋዜጣ ባለቤት ልጅና ዘጋቢ የነበረው ጆን ሃልደማንም የቡድኑን ሽንፈት በጥርጣሬ ዓይን ሲከታተል ቆይቶ ነበር። ጥርጣሬው መጀመሪያ ያረፈው በአል ኒኮልስ ላይ ነው። የሦስተኛው ቤዝ ጠባቂ ቢል ሄግ ብጉንጅ ወጥቶበት ሲቸገር፣ ኒኮልስ ይቀጠር ብሎ የወተወተው የቡድኑ ተጫዋች ጆርጅ ሆል ነበር። ይህ አዲስ ሰው በጉዞ ላይ ሳለ ከማንም የበለጠ ቴሌግራም ይቀበል ነበር።

ቼዝ ተጫዋቾቹን ሰብስበው ቴሌግራሞቻችሁ እንዲታዩ ፍቀዱ አሏቸው። አምበሉ ቢል ክሬቨር ብቻ እምቢ አለ። ወረቀቶቹ ሲገለጡ ምስጢሩ ወጣ፦ ከኒውዮርክ ቁማርተኛ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት በመልእክቱ ውስጥ “ሳሽ” የምትል ቃል ካለች ያ ጨዋታ ተሽጧል ማለት ነው። ሆልም ወርዋሪው ጂም ዴቭሊንም አመኑ። በኦክቶበር መጨረሻ ክለቡ ሆልን፣ ዴቭሊንን፣ ኒኮልስንና ክሬቨርን አባረረ፤ በዲሴምበር ሊጉ ውሳኔውን አጸና። እገዳው የዕድሜ ልክ ነበር። ክሬቨር ጨዋታ ስለመሸጡ ማስረጃ ሳይቀርብበት፣ በእምቢታውና በሥነ ምግባር ጉድለት ተብሎ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ወደቀ።

ከአራቱ መካከል ዴቭሊን ላይ መቆም ይገባል። በዚያ ዓመት ሉዊቪል ካደረጋቸው ጨዋታዎች አንዱንም ሳያስቀር፣ ከመጀመሪያው ኳስ እስከ መጨረሻው፣ የወረወረው እሱ ብቻ ነው። ይህን ያህል የለፋው ሰው ደሞዙን ግን በወቅቱ አያገኝም ነበር። በዚያው ዓመት የሊጉ ክለቦች ከተጫዋቹ ላይ ለመለያ ልብስ 30 ዶላር፣ በጉዞ ላይ ደግሞ ለቀለብ በቀን 50 ሳንቲም መቁረጥ ጀምረው ነበር። ይህ ጥፋቱን አያጥበውም፤ ለድል የከፈለውን ተመልካች አታሏል። ደሞዝ የከለከለው አሠሪ ግን አንድም ቀን ለጥያቄ አልቀረበም፤ ጨዋታውን የገዛውን ቁማርተኛም ሊጉ የሚቀጣበት መንገድ አልነበረውም።

ኸልበርት ራሱስ? በ1875 የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ፣ የማኅበሩ ደንብ እየከለከለ፣ የቦስተንን አራት ኮከቦች በምስጢር ያስፈረመው እሱ ነው። አልበርት ስፖልዲንግ ከአራቱ አንዱ ነበር። ደንብ በመጣስ የተጀመረው ያ ሽሽት የአዲሱ ሊግ መሠረት ሆነ፤ የቀጣው ግን ማንም የለም።

በኋላ ስፖልዲንግ እንደጻፈው፣ ዴቭሊን የተጎሳቆለ ልብስ ለብሶ ወደ ኸልበርት ቢሮ መጥቶ፣ ለሚስቱና ለልጁ ሲል ምሕረት ለመነ። ኸልበርት አለቀሰ፤ ከኪሱም 50 ዶላር አውጥቶ ሰጠው። ወዲያውም ጨዋታ ሸጠሃልና በዚህ ሊግ ዳግም አትጫወትም አለው። ዴቭሊን ለቦስተኑ አሠልጣኝ ለሃሪ ራይትም ደብዳቤ ጽፎ፣ ሜዳ መጠበቅም ቢሆን ሥራ ፈልጉልኝ ብሎ ነበር። በመጨረሻ በፊላደልፊያ ፖሊስ ሆኖ በ1883 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ክሬቨርም በኒውዮርክ ግዛት ትሮይ ከተማ ፖሊስ ሆነ።

ቅጣቱ ሙስናን አላጠፋም፤ የተጫዋቹን ችግርም አላቃለለም። በ1879 የክለብ ባለቤቶች እያንዳንዳቸው አምስት ተጫዋቾችን ይዘው ላለመልቀቅ በምስጢር ተስማሙ፤ ሠራተኛው የተሻለ ክፍያ ፍለጋ መሄጃ አጣ። ቁማርተኞች በ1919 የቺካጎ ዋይት ሶክስን ተጫዋቾች ሲያግባቡ ይህ ሥርዓት ሥር ሰድዶ ነበር። ስምንት ተጫዋቾች ተከሰው፣ ለችሎት የቀረቡትን በ1921 ፍርድ ቤት ነጻ ቢያወጣቸውም፣ የቤዝቦል ኮሚሽነር የሆኑት ዳኛ ላንዲስ በማግስቱ ስምንቱንም አገዷቸው። ኸልበርት በ1995 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ። በሜይ 2025 ኮሚሽነሩ እገዳ በሞት ያበቃል ብለው ሲወስኑ ስማቸው ከተዘረዘሩት መካከል ስምንቱ የቺካጎ ሰዎች አሉበት፤ የዴቭሊንና የሦስቱ ጓደኞቹ ስም ግን የለበትም።